በሽታውን ላልሸሸገ ሕዝብ

በሽታውን ለሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። የተረቱ ምክር ግልጽ ነው፤ ሕመምህን አውጥተህ ተናገር፣ መድኃኒቱ ይፈለግልሃል ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ በዚህ ተረት የሚፈረድ ከሆነ፣ ከቡታጅራና ከአካባቢዋ ሕዝብ ይበልጥ መድኃኒት ሊገኝለት የሚገባ ሕዝብ ያለ አይመስለንም። ይህ ሕዝብ ከ30 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ደጁን ለመርማሪ ከፍቶ፣ ስንት ልጅ እንደ ወለደ፣ ስንቱ እንደ ሞተበት፣ በቤቱ ማን እንደ ሳለ፣ ማን እንዳተኰሰው፣ የማን አእምሮ እንደ ታወከ ሳይሸሽግ ሲናገር ኖሯል። የተናገረውም ቃል ተመዝግቦና ተቈጥሮ በታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ታትሟል። እኛም ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተነገረው በሽታ መድኃኒቱ እስከ ተናጋሪው ደጅ ደርሷልን?

ይህ ጥያቄ የሕክምና ተማሪዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ወልቂጤ በምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጡ የአንድ የጉራጌ ምድር ከተሞች ናቸው። የምርምሩ ዋና ባለቤት ሆኖ የኖረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሁን እንጂ፣ የተመረመሩት ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የብዙዎቻችንም አባቶችና እናቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንድናስታውስ አንባቢያን ይፍቀዱልን። ጥናቶቹ የሚጠቀሱት በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ዘመን ሁሉ በዚያው አኑረነዋል።

በ1986 ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል፣ በስዊድን አገር ካለው ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ የመጣው ሳሬክ ከሚባለው የስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር መሥሪያ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ሥራ ከደከሙት አንዱ ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ናቸው። በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል ከነበረው ወረዳ 9 የገጠር ቀበሌዎችና 1 የከተማ ቀበሌ ተመረጡ፤ በነዚህም ውስጥ ከ28 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተቈጠረ። ከዚያ ወዲህ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ያገባውን፣ ከቀበሌ የወጣውንና የገባውን ይጽፉ ነበር።

ይህ ተራ የቈጠራ ሥራ ሊመስል ይችላል። ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው። ሐኪም ቤት የሚያውቀው ሐኪም ቤት የመጣውን ሰው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረውን፣ ገንዘብ አጥቶ የተኛውን፣ ቤተ ሰቡ በጓዳ ያስቀመጠውን አያውቀውም። ልደትና ሞት በየቤቱ በማይመዘገብበት አገር ሕዝቡ ምን እንደሚገድለው ለማወቅ የሚቻለው ወደ በሽተኛው ቤት በመሄድ እንጂ በሽተኛውን በመጠበቅ አይደለም። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ይጨርስ የነበረው በተለይ የሳንባ ምችና ተቅማጥ መሆኑ በቡታጅራ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላም እነ ዶክተር የማነ ብርሃኔ ስለ ሴቶች ጤናና ስለ ወሊድ ያደረጉት ምርምር የቆመው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቡታጅራን በዓለም ያስታወቃት የአእምሮ ሕመም ጥናት ነው። በ1997 ዶክተር አታላይ ዓለም በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ከ10 ሺህ የሚበልጡ የቡታጅራ ነዋሪዎች ስለ መንፈስ ጭንቀታቸው ተጠይቀው የሰጡት መልስ ይገኛል። የአገር ሽማግሌዎችና ሌሎች ዐዋቂዎችም ስለ አእምሮ ሕመም ተጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ ለሥጋ ሕመም ሐኪም ቤት፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ጠበል፣ ጸሎት፣ ዱዓና የባህል መድኃኒት እንደሚሻል ተናገሩ። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕመምተኛ ተለይቶ የተሠራው ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው ዐማኑኤል ብቻ ነበርና፣ ካጠገቡ የሌለውን ነገር ሕዝቡ አልመረጠም ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ቀጥሎም ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ። ከነዚህም ውስጥ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ብርቱ የአእምሮ ሕመም የተያዙት ተለይተው ሲመረመሩ፣ ከዚያ በፊት በዘመናዊ መድኃኒት ታክመው የሚያውቁት ከ10 ሰው አንዱን እንኳ አይሞሉም ነበር። ዘጠኙ የት ነበሩ ቢባል፣ በየጓዳው፣ በየገበያው ዳር፣ አንዳንዱም በሰንሰለት ታስሮ ነበር።

ሌላም አሳዛኝ ነገር ተገለጠ። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሉ ከቈዩ በኋላ ውጤቱ በ2015 ታተመ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121 ሞተዋል። ይህ ከቀረው ሕዝብ ሞት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው፤ የሞቱትም ሰዎች ሊኖሩ ከሚገባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ጐድሎባቸዋል። ምን ገደላቸው? ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። አንባቢ ልብ ይበል! ተላላፊ በሽታ ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችል ነገር ነው። ሰውየው አእምሮው ታውኳል ተብሎ ሳሉንና ትኩሳቱን የሚጠይቅለት ሲታጣ፣ የሚገድለው እብደቱ ሳይሆን መረሳቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መቍጠር ነው። የቈጠረ ሁሉ ግን አላከመም። የቡታጅራ ታሪክ የሚያስመሰግነው መርማሪዎቹ በቈጠራው ላይ ስላልቆሙ ነው። በመጀመሪያ ሰው ተዘጋጀ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ትምህርት በአገር ውስጥ ተጀመረ፤ የካናዳዋ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም እየተመላለሱ ረዱ። በቡታጅራ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና የተማሩ ነርሶች የሚሠሩበት ክፍል ተከፈተ።

ይሁን እንጂ የገጠሩ በሽተኛ ቡታጅራ ለመድረስም ቢሆን ግማሽ ቀን የሚሄድና ለመኪና የሚከፍለው የሌለው ነው። ስለዚህ በ2011 ፕራይም የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር የተመረጠው ቦታ ቡኢ ከተማ ያለችበት የሶዶ ወረዳ ሆነ። ይህ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ጋር በህንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ የተሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሰጠው የብሪታንያ መንግሥት ነው። ሐሳቡም ይኸውልህ የሚባል ቀላል ሐሳብ ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ከሆስፒታል ወጥቶ በየጤና ጣቢያው ካሉት ነርሶችና ጤና መኰንኖች እጅ ይግባ፤ እነሱም አጭር ትምህርት ይሰጣቸው፣ በሥራቸውም ላይ የሚጐበኛቸው ባለሙያ አይለያቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቀበሌው ሰዎች ደግሞ በሽተኛውን ከተደበቀበት ፈልገው ያምጡ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በሶዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከበሽተኞቹ አራት አንዱ ያህል ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ታስሮ ወይም ተቈልፎበት ነበር። ሕክምናው ከተሰጠ በኋላ የታሰረው ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ሆነ። በጽሑፍ ሲቀመጥ ቍጥር ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ሰንሰለቱ ከሰው እግር ወረደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ ሕክምና ያንሳል ወይስ አያንስም የሚል ነበር። ይህንንም ለማወቅ 329 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በሆስፒታሉ የአእምሮ ነርሶች ዘንድ፣ ግማሾቹ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ታከሙ። በ2022 የታተመው መልስ «አያንስም» የሚል ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከመድኃኒቱ ላይ የቤት ለቤት ርዳታ ቢጨመር ምን ይሆናል ብሎ በ48 ቀበሌዎች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ተከታተለ። ርዳታውን የሰጡት ከፍተኛ ትምህርት የሌላቸው፣ ለ5 ሳምንት ብቻ የሠለጠኑ ያገሩ ሰዎች ነበሩ። እነሱ በየቤቱ እየሄዱ ቤተ ሰቡን ያስረዳሉ፤ በሽተኛው ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እንዲመለስ ይደግፋሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ርዳታ የተሰጣቸው ሰዎች መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን ለመሥራት የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ከነዚህ ሥራዎች ያተረፈውን ዕውቀት ለማስፋት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ባንክ ገንዘብ ሲ.ዲ.ቲ. አፍሪካ የሚባለውን የመድኃኒት ፈጠራና የሕክምና ሙከራ ማእከል አቋቁሟል። ማእከሉ ተማሪዎችን በከፍተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ምርምርን ወደ ሕክምና ማድረስም ዓላማዬ ነው ይላል። ዓላማው መልካም ነው፤ እኛም እናመሰግናለን። ነገር ግን በርዳታ ገንዘብ ስለ ቆመ ተቋም ሁሉ ልንጠይቅ የሚገባን ከምስጋናው ቀጥሎ ነው።

የርዳታ ገንዘብ ዕድሜ አለው። ፕራይም በ2019 ተፈጸመ። በ2021 የብሪታንያ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው ከመቶ 0.7 ወደ 0.5 ዝቅ አደረገ። በ2025 ደግሞ ዩ.ኤስ.ኤይድ የተባለው የአሜሪካ የርዳታ መሥሪያ ቤት ተዘጋ። እነዚህ መንግሥታት የሰጡት የራሳቸውን ሕዝብ ግብር ነውና፣ በፈለጉ ጊዜ ቢያቆሙ ልንከሳቸው አንችልም። የስኪዞፍሬንያ በሽተኛ ግን መድኃኒቱን የሚወስደው ለአንድ የፕሮጀክት ዘመን አይደለም፤ ለብዙ ዓመት፣ ምናልባትም ለዕድሜ ልኩ ነው። በሶዶም ሆነ በሌላ ስፍራ ሕክምናውን ያሰናከለው ዋና ነገር ምን እንደ ሆነ ጥናቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ መድኃኒቱ በየጊዜው ይጠፋል፣ ሲገኝም ድኻው መግዣ ያጣል፣ በሽተኛው አንድ ጊዜ መጥቶ ሁለተኛ ሳይመለስ ይቀራል። ሰው ከሰንሰለት ተፈትቶ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። በሽታው ሲመለስ ደግሞ ሰንሰለቱ ከተንጠለጠለበት ይወርዳል።

እንግዲህ የኛ አሳብ ይህ ነው። በዚህ ጕዳይ ማስረጃው በቅቷል፤ የቀረው በጀት ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያ ሊታከም ይችላል ወይ ተብሎ እንደ ገና የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ ተጠይቆ ተመልሷል፤ የተመለሰውም በጉራጌ ምድር ነው። አሁን የሚጠየቀው፣ የዞኑና የወረዳው የዓመት በጀት ሲወጣ ሦስት መስመሮች ይጻፉለት ወይ የሚለው ነው። አንደኛ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት። ሁለተኛ፣ ከሆስፒታል እየተነሣ ጤና ጣቢያዎቹን በየወሩ ለሚጐበኝ የአእምሮ ነርስ የመኪናና የውሎ አበል። ሦስተኛ፣ የቀረውን በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው።

ድኻ አገር ነን፣ ከየት ይመጣል የሚሉ አሉ። ለነዚህ መልስ አለን። የሚፈለጉት መድኃኒቶች እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ፣ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የታወቁ፣ የፈጠራ መብት የማይከፈልባቸው ናቸው። የሚጽፏቸውም አስቀድሞ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነርሶች ናቸው። አዲስ ሕንጻ አይሠራም፤ አዲስ መሣሪያ አይገዛም። ደግሞስ ያልታከመ ሰው ወጪ የለውምን? እሱን ለመጠበቅ እናቱ ገበያ አትወጣም፤ ወንድሙ ከሥራ ይቀራል፤ እንሰቱ ሳይፋቅ ይቈያል፤ ለጠበልና ለመንገድ ሲባል ላሚቱ ትሸጣለች። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ አይጻፍ እንጂ ድኻው ቤት ሲከፍለው ኖሯል።

ሌሎች ደግሞ፣ ምርምሩ የፈረንጅ ገንዘብ ስለ ሆነ ነገሩ የፈረንጅ ነው፣ ለዶክትሬት ማግኛ የተሠራ ነው ብለው ይተዉታል። ይህም አይስማማንም። ገንዘቡ የስዊድንና የብሪታንያ ቢሆን፣ ጠያቂዎቹ ያገር ልጆች ነበሩ፤ መልሱንም የሰጠው ሕዝቡ ነው። አንድ ሰው ሕመሙን ሲነግርህ አደራ ሰጥቶሃል። አደራ ደግሞ የሚበላ ነገር አይደለም። በዚህ ዕውቀት ዲግሪ የተቀበለም፣ መጽሔት ላይ ስሙ የታተመለትም፣ ተቋም የተሠራለትም ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። ዕዳው የሚከፈለውም በሕክምና ነው።

የጉራጌ ሕዝብ ሌላው ሠርቶ እስኪሰጠው የሚጠብቅ አለመሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1960ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት በአዲስ አበባና በየከተማው የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ በየሰዉ ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመንግሥት ጋር ተባብረው አገራቸውን በመንገድ አገናኝተዋል። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡኢና በቡታጅራ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በእንዲህ ያለ ማኅበር ጥረት የተጀመረ ነው። መርማሪዎቹም ከጊዜ በኋላ ወደ ቡታጅራ የወረዱት በዚሁ መንገድ ነው። ያ ትውልድ «ለጋሽ ይምጣልን» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ለጋሹም የሚመጣበት መንገድ ባልኖረው ነበር። እቁብና እድር የሚያውቅ ሕዝብ፣ ወር በወር ማዋጣት የለመደ ሕዝብ፣ የመድኃኒት ሣጥን ባዶ እንዳይሆን የሚያደርግበትን ዘዴ አያጣም። ነገር ግን ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና፣ ምን እንደ ተገኘ ማን ነገረው?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎችና ወደ መምህራኖቻችን እንመለሳለን። ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በቡታጅራና በሶዶ ላይ የተጻፉት ጥናቶች ተሰብስበው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ይሰጣቸው። ስለ ገዛ አገሩ ሕዝብ ጤና የተጻፈውን ለማንበብ የሚፈልግ ተማሪ በውጭ አገር መጽሔት ውስጥ ሲባዝን እንዳይውል ነው።

ሁለተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዞ ወደ ገጠር ከመውጣት በፊት፣ ጥያቄው ቀድሞ ተመልሶ እንደ ሆነ ይታይ። ሰው ስንት ጊዜ «ሐኪም ቤት ለምን አትሄድም?» ይባላል? የአእምሮ ሕመምተኛ እንደሚገለል፣ መድኃኒት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ታውቋል። መምህራኖቻችን ለተማሪ የሚሰጡት አርእስት ከዚህ የቀጠለውን ቢሆን ይሻላል፤ በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በዓመት ስንት ቀን ጠፋ? የጠፋው ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው፣ ተጠይቆ ሳይላክ ነው ወይስ ሳይመደብለት? ከቀሩት በሽተኞች ስንቱ ቢጠሩ ይመለሳሉ? እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ባይወጣም፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ የተገኘው ዕውቀት ለባለቤቱ በቋንቋው ይነገረው። ለመስቀልና ለዐረፋ የጉራጌ ልጅ ካለበት ከተማ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ የዓመቱ ጕዳይ የሚመከርበት ጊዜ ነው። እኛም ወደየቤታችን ስንገባ በእጃችን አንድ ገጽ እንያዝ፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ በጉራግኛ የምናስረዳው። «የአእምሮ ሕመም ይታከማል፤ በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊታከም እንደሚቻል በዚሁ በጉራጌ አገር በሙከራ ታይቷል፤ ሰውን ማሰር አያድነውም፤ ሳሉንና ትኩሳቱንም አሳክሙለት፤ ጠበሉንም ዱዓውንም ሳትተዉ መድኃኒቱን ጨምሩ፤ መድኃኒት ጠፋ ቢሏችሁ ለምን ጠፋ ብላችሁ ጠይቁ» የሚል ነው። ይህችው በማባዣ መኪና የምትታተም ወረቀታችን ያንን ገጽ አዘጋጅታ ለማባዛት ዝግጁ ናት። የጤና ሳይንስ መምህራን ቃሉን ያርሙልን፤ ጉራግኛ የሚችሉ ጓደኞቻችን በየቀበሌያቸው አነጋገር ያሰናዱልን።

በምርምር ተቋም ሕንጻ ላይ የለጋሹ ስም ይጻፍ፤ ይገባዋል። የምርምሩ ፍሬ የሚለካው ግን ለጋሹ ከሄደ በኋላ በአንድ ተራ ማክሰኞ ቀን፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሁለት ሰዓት ተጕዛ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ ነርሱ መዝገቡን ገልጦ «መድኃኒቱ አለ፤ ባለፈው ወር ስለ ቀራችሁ አስበናችሁ ነበር» ሊላት በመቻሉ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ግኝት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ሲመክር ይህ ጕዳይ ከአጀንዳው እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ጠያቂውም ስለ ነገሩ ያነበበ ተማሪ ቢሆን ይገባል እንላለን።